ቤቷን ለቃ የወጣች እኅት ወዴት ትሂድ? ከቤት ውስጥ ጥቃት ለሚሸሹ ሴቶችና ልጆች ያሉ አገልግሎቶች



ባሏ የሚደበድባት እኅት ሌሊት ልጇን አዝላ ስትወጣ መጀመሪያ የምታንኳኳው ብዙውን ጊዜ የፖሊስ ጣቢያ በር አይደለም። የእናቷን ቤት፣ የጎረቤቷን ቤት ወይም የሰፈሯን ኢማም ቤት ነው። እዚያ የምታገኘው የመጀመሪያ መልስ ቀጥሎ የሚሆነውን ይወስናል። «ግቢ፤ ዛሬ እዚህ እደሪ፤ ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን» ከተባለች መንገድ ይከፈትላታል። «ሰብር አድርጊ፤ ገመናሽን አታውጪ፤ ለልጆችሽ ስትይ ተመለሺ» ከተባለች ግን ወደዚያው ቤት ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ጊዜም ለማንም ላትናገር ትችላለች።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ያገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከባላቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በዚሁ ጥናት አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ እርዳታ የጠየቁት ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ በአገራችን ያሉትን አገልግሎቶች በቅደም ተከተል ያስረዳል። ጥቃት ለደረሰባት እኅት ብቻ ሳይሆን በሯ ለተንኳኳባት እናት፣ ለጎረቤት፣ ለኢማምና ለሽማግሌም የተጻፈ ነው።

መናገር ጊባ ነውን?

ብዙ እኅቶችን ዝም የሚያሰኛቸው «የባሌን ነውር ማውጣት ኃጢአት ነው» የሚል ፍርሃት ነው። ገመናን መሸፈን በዲናችን ትልቅ ቦታ አለው። ነገር ግን በደልን፣ ሊያስቆም ለሚችል ሰው መናገር ከጊባ እንደማይቆጠር ዑለማዎች ግልጽ አድርገዋል። ኢማም አን-ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ጊባ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ፣ የመጀመሪያው የተበደለ ሰው በደሉን ለባለ ሥልጣን ወይም ለቃዲ ማሰማቱ ነው።

ማስረጃው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የታየ ነው። ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ.) የባሏን የአቡ ሱፍያንን ቆጣቢነት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተናግራ ለእሷና ለልጆቿ የሚበቃውን በአግባቡ እንድትወስድ ተፈቅዶላታል፤ ባሏን አማሽ ተብላ አልተወቀሰችም። በአቡ ዳውድ ዘገባ እንደምናገኘው፣ ብዙ ሴቶች የባሎቻቸውን ዱላ አቤት ለማለት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤተሰቦች በመጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የነቀፉት ሴቶቹን ሳይሆን ደብዳቢዎቹን ነው፤ እንዲህ ያሉት ከምርጦቻችሁ አይደሉም ብለዋል።

ሰብርም ቢሆን በደልን ተሸክሞ መቀመጥ ማለት አይደለም። ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት መመላለስ፣ ልጅ ይዞ በሰው ቤት ማደር፣ የሰውን ወሬ መቻል ራሱ ብዙ ሰብር ይጠይቃል።

ከመውጣቷ በፊት

አደጋው የሚበረታው ሴቲቱ ልትሄድ መሆኗ ሲታወቅ ወይም ገና እንደወጣች ነው። ስለዚህ ጊዜ ካለ ዝግጅቱ በጸጥታ ይሁን፤ «እሄዳለሁ» ብሎ ማስፈራራት አይጠቅምም።

በአንድ ቦርሳ ተሰብስበው በምታምናት ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤት ቢቀመጡ የሚጠቅሙ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

• መታወቂያና የፋይዳ ቁጥር፣ የኒካሕ ወረቀት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት፤
• የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት ውጤት፤
• የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል ቅጂ፤
• በቋሚነት የሚወሰድ መድኃኒት፣ ለጥቂት ቀናት የሚሆን ልብስና የትራንስፖርት ገንዘብ።

ወረቀቶቹን ማውጣት ካልተቻለ በስልክ ፎቶ አንስቶ ለታመነ ሰው ልኮ ከስልኩ ላይ ማጥፋት ይቻላል። ባል ስልኳን የሚፈትሽ ከሆነ የደወለችበትን ቁጥርና የላከችውን መልእክት ማጥፋትን አትርሳ። ከጎረቤት ጋር አንድ ምልክት ወይም ቃል መስማማትም ይጠቅማል፤ ያንን ቃል የሰማች ጎረቤት ሳትጠይቅ ፖሊስ ትጠራለች። የፖሊስ የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥር 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ወረቀት ማውጣት አልቻልኩም ብላ ግን እንዳትቀር። ሕይወት ከወረቀት ይቀድማል፤ ወረቀቱ በኋላ በፖሊስ አጃቢነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል።

ሕክምና፦ የመጀመሪያው በር

ከወጣች በኋላ መጀመሪያ የምትሄድበት ቦታ ሐኪም ቤት ነው፤ ጉዳቱ ቀላል ቢመስልም ጭምር። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት ወይም አንገት ማነቅ ከውጭ ሳይታይ ከሰዓታት በኋላ ሊያባብስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሐኪም ምዝገባ በኋላ ለፖሊስም ለፍርድ ቤትም ዋና ማስረጃ ይሆናል። «ወድቄ ነው» ብላ ካስመዘገበች ካርዱ ያንኑ ይመሰክርባታል። ስለዚህ ማን እንደመታት፣ በምን እንደመታትና መቼ እንደሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ትናገር። ፖሊስ የሕክምና ማስረጃ እንዲሰጥ ለጤና ተቋሙ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሕክምናው ግን ደብዳቤውን መጠበቅ የለበትም።

ጾታዊ ጥቃት ከደረሰ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። ከምርመራው በፊት አለመታጠብና የለበሱትን ልብስ በወረቀት ከረጢት ይዞ መሄድ ማስረጃውን ይጠብቃል። የሶላት ጉዳይ የሚያስጨንቃት ካለች፣ ትጥበቱ የሚዘገየው ለምርመራው ያህል ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚገኙበት የተቀናጀ አገልግሎት አለ። ጥቃት የደረሰባት ሴት ወይም ልጅ ታሪኳን በየቢሮው ደጋግማ እንዳትናገር የታሰበ አሠራር ነው። ተመሳሳይ ማዕከላት በሌሎች ሆስፒታሎችም ተከፍተዋል። በምትኖርበት ከተማ መኖሩን ከሆስፒታሉ ወይም ከወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።

ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ

«የባልና ሚስት ጠብ ነው» ተብሎ የተመለሰች እኅት ማወቅ ያለባት ነገር አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በሌላ ሰው ላይ እንደሚፈጸም የአካል ጉዳት ሁሉ እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። ኒካሕ ዱላን ከወንጀልነት አያወጣውም።

ከባድ የአካል ጉዳትን መንግሥት በራሱ ይከሳል። ቀላል የአካል ጉዳት ግን በመሠረቱ በተጎጂዋ አቤቱታ የሚያስከስስ ነው፤ የአቤቱታው ጊዜም ሦስት ወር ነው። ሽማግሌዎች «ቆይ፣ እስኪ እናነጋግረው» እያሉ ጊዜው እንዳያልፍባት ቀኑን መቁጠር ያስፈልጋል። አቤቱታ ማስመዝገብ እርቅን አይዘጋም፤ አለማስመዝገብ ግን የሕጉን በር ሊዘጋ ይችላል።

በየፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተሉ መርማሪዎች አሉ፤ ቃሏን ለሴት መርማሪ ለመስጠት መጠየቅ ትችላለች። ስትሄድ ብቻዋን ባትሆን ይሻላል። አብሯት የሚሄድ ሰው የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ጽፎ ይያዝላት።

ነፃ የሕግ ምክር ከሚሰጡት መካከል በስም የሚታወቀው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ለአቅመ ደካማ ሴቶች ምክር ይሰጣል፣ ክስና አቤቱታ ይጽፋል፣ በፍርድ ቤትም ይቆማል። በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም በየክልሉ አሉ። የዳኝነት መክፈል የማትችል ሴት አቅም እንደሌላት የሚያስረዳ ማስረጃ አቅርባ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ልትጠይቅ ትችላለች።

ማረፊያ ቤቶች

የምትጠጋበት ዘመድ ለሌላት፣ ወይም ባሏ የዘመዶቿን ቤት ሁሉ ለሚያውቅባት እኅት ቀጣዩ ጥያቄ የት ልደር የሚለው ነው። ለዚህ የተዘጋጁ ማረፊያ ቤቶች አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ጀምሮ አዳማንና ሐዋሳን ወደ መሳሰሉ ከተሞች ደርሷል።

አገልግሎቱ በነፃ ነው። መኝታ፣ ምግብና ልብስ፣ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የሕግ ክትትል፣ ማንበብና መጻፍ ለማትችል መሠረተ ትምህርት፣ ከዚያም እንደ ልብስ ስፌት፣ ምግብ ዝግጅትና ጸጉር ሥራ ያሉ የሙያ ሥልጠናዎች ይሰጣሉ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ሥልጠና ላይ ሲሆኑ ልጆቹ የሚቆዩበት ቦታ አለ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በፖሊስ፣ በሆስፒታል ወይም በሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል በተጻፈ ደብዳቤ ነው። የቤቶቹ አድራሻ ሆን ተብሎ ስለማይነገር በር ፈልጎ ማንኳኳት አይቻልም። ይህን ምስጢር መጠበቅ የሁላችንም አማና ነው። «የት ነው ያለችው? ልናስታርቃቸው ነው» ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ ቅን ቢሆንም እንኳ፣ የነገርነው ቦታ ማታውኑ ባል ጆሮ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ቤት ያሉትም እሷ ብቻ አይደሉም።

አንዳንድ እኅቶች «ዲኔን እንዴት እጠብቃለሁ?» በሚል ስጋት ማረፊያ ቤት ከመግባት ይቆጠባሉ። በገባች ቀን ስለ ሶላቷ፣ ስለ ሒጃቧ፣ ስለ ምግቡ ሐላልነትና ስለ ረመዳን ጾሟ ለሠራተኞቹ ብትናገር መፍትሔ ይፈለጋል። የአካባቢው ሙስሊም ማኅበረሰብ ደግሞ ሥጋ፣ የሶላት ልብስ፣ መስገጃና ቁርአን በማቅረብ ሊያግዝ ይችላል።

በዒዳህ ላይ ሆና ቤቷን መልቀቅ የከበዳት ካለችም ምሳሌ አላት። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ከተፈታች በኋላ ያለችበት ቤት ለደኅንነቷ አስጊ በመሆኑ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ሌላ ቤት ተዛውራ ዒዳዋን እንድትጨርስ ፈቅደውላታል። ዑለማዎች ከዚህ በመነሳት ለሕይወቷ፣ ለአካሏ ወይም ለክብሯ የምትፈራ ሴት መልቀቅ እንደምትችል ይናገራሉ።

ልጆቹ

ልጅ ባይመታም እናቱ ስትመታ ያያል፣ ይሰማል። መምህር በነበርኩበት ጊዜ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ በር ሲዘጋ የሚደነግጥ፣ የቤት ሥራ ድንገት ማምጣት ያቆመ ልጅ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የስንፍና ነበር የሚመስለኝ። ቆይቶ ግን ብዙዎቹ ሌሊቱን ያልተኙ ልጆች መሆናቸውን ተረዳሁ። አልጋ ላይ መሽናት እንደገና የጀመረ፣ ዝም ያለ ወይም ታናናሾቹን መምታት የጀመረ ልጅ ቁጣ ሳይሆን ጥያቄ ያስፈልገዋል።

እናት ስትወጣ ልጆቿን ይዛ ብትወጣ ለደኅንነታቸውም ለኋላ ክርክሩም ይሻላል። ትምህርት ቤት መቀየር ካስፈለገ መሸኛ መጠየቅ፣ አዲሱ ትምህርት ቤትም ልጁን ከተፈቀደለት ሰው በቀር ለማንም እንዳይሰጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ልጅን የወላጆች መልእክተኛ ማድረግ፣ «አባትህ ምን አለ?» እያሉ መጠየቅ ግን ልጁን መልሶ ጠቡ ውስጥ ይከተዋል።

የማሳደግ መብት ጉዳይ ብዙ እናቶችን ያስፈራቸዋል፤ «ከወጣሽ ልጆችሽን አታያቸውም» የሚል ዛቻ የተለመደ ነውና። በፊቅህ፣ እናት ሌላ ባል እስካላገባች ድረስ ሕፃን ልጇን ለማሳደግ (ሐዷና) ከአባት ትቀድማለች። የልጆቹ ነፈቃ ግን በአባት ላይ ይቀራል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ደግሞ ፍርድ ቤቱ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ሲወስን የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ያዛል። በሁለቱም መንገድ ዛቻው እውነት አይደለም።

ኒካሑስ? ሁለቱ ፍርድ ቤቶች

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቀላቅላቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። ድብደባው ወንጀል ነው፤ የሚታየውም በፖሊስ፣ በዐቃቤ ሕግና በመደበኛው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የወንጀል ሥልጣን የለውም። ፍቺ፣ ነፈቃና ሐዷና ግን የቤተሰብ ጉዳዮች ስለሆኑ በሸሪዓ ፍርድ ቤትም ሊታዩ ይችላሉ። ቃዲ ዘንድ ጉዳይ አለኝ ብሎ ፖሊስ መሄድን መተው፣ ወይም ፖሊስ ሄጃለሁና ኒካሑ ተፈቷል ብሎ ማሰብ ሁለቱም ስሕተት ነው።

የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ተብለው ሦስት እርከን አላቸው። ክልሎችም የራሳቸው አሏቸው። ዋናው ነጥብ ፈቃድ ነው። ሕገ መንግሥቱም አዋጁም ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ተከራካሪዎቹ መፍቀድ እንዳለባቸው ይደነግጋሉ። ማንም ሊያስገድዳት አይችልም፤ አንዴ መርጣ ከጀመረች ግን መሀል ላይ ወደ ሌላው መዞር አይቻልም። ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት የሕግ ምክር ታግኝ።

በመደበኛው ፍርድ ቤት የፍቺ ጥያቄ እንደቀረበ፣ ዳኛው ዋናው ጉዳይ እስኪወሰን ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ጊዜያዊ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። ይህን በአቤቱታዋ ላይ በግልጽ መጠየቅ አለባት። ፍቺዋ በዚያ በኩል የተወሰነላት እኅት የዒዳዋና የኒካሕዋ ሁኔታ ግልጽ እንዲሆንላት የምታምነውን ዓሊም ወይም ቃዲ ብትጠይቅ መልካም ነው።

በሸሪዓ በኩል ባል ጦላቅ አልሰጥም ቢል ሴቲቱ ታስራ አትቀርም። የሳቢት ኢብኑ ቀይስ ባለቤት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ በመህር የተሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሳ በኹልዕ ተለያይታለች። ባል በደል የፈጸመ ከሆነ ደግሞ ቃዲው በደረር (ጉዳት) ምክንያት ኒካሑን የመለየት ሥልጣን እንዳለው በተለይ የማሊኪ መዝሀብ ዑለማዎች በስፋት አብራርተዋል። መህሯን እንድትመልስለት ብሎ ሚስቱን የሚያሰቃይ ሰው የሚወስደው ገንዘብ ሐላል አይሆንለትም፤ ሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 19 ይህን ከልክሏል። የሐኪም ካርዱና የፖሊስ መዝገቡ እዚህም ያገለግላሉ።

ሽምግልና መቼ?

ከባልም ከሚስትም ወገን ሽማግሌ መላክ በሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 35 የመጣ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ማስተካከልን የሚሹ ፍትሐዊ ሰዎች እንዲሆኑ ይፈለጋል። የምትፈራ ሴት ከሚያስፈራት ሰው ፊት ተቀምጣ እውነቱን አትናገርም፤ «እሺ፣ ይቅር ብያለሁ» ትላለች፣ ማታ ደግሞ ዋጋውን ትከፍላለች።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ሕክምና፣ ከዚያ ማስረጃ፤ ሱልሕ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እሷ ከፈቀደች ብቻ። ሁለቱም ለየብቻ ይጠየቁ። ሴት ሽማግሌ ትኑርበት። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቢጥስ ምን እንደሚከተልም ይጻፍበት። ጦር መሣሪያ ካነሳ፣ አንገቷን ካነቀ፣ እገድልሻለሁ ካለ ወይም ልጆቹን ከመታ ግን ነገሩ የሽማግሌ ሳይሆን የፖሊስ ነው።

ጀማዓው ምን ያድርግ?

• በየመስጂዱ በሴቶች መስገጃ በኩል የፖሊስ ጣቢያውን፣ የወረዳውን የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ የሆስፒታሉንና የነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጪውን ስልክ መለጠፍ፤ በየስድስት ወሩ ደውሎ ማረጋገጥ።
• ሁለት ሦስት የታመኑ እኅቶችን መርጦ ምስጢር አጠባበቅና የአሸኛኘት ሥርዓት ማሠልጠን። ወንድ ኢማም ዘንድ መናገር የማትችል ሴት እነሱን ታገኛለች።
• ለታክሲ፣ ለመድኃኒትና ለአንድ ሳምንት ምግብ የሚሆን ትንሽ የሰደቃ ሣጥን ማዘጋጀት። ምንም ሳትይዝ የወጣች እኅት ብዙ ጊዜ ከፈቂር ወይም ከሚስኪን ትቆጠራለችና ዘካም ይገባታል፤ ገንዘቡ ለራሷ በእጇ ይሰጣት።
• በኹጥባና በኒካሕ ዕለት ስለ ሚስት ሐቅ በግልጽ መናገር፤ የሚደበድብ ሰው በጀማዓው መሀል ምንም እንዳልሆነ ሆኖ እንዳይቀመጥ መምከርና መገሠጽ።
• ከማረፊያ ቤት የወጣች እኅት ቤት እንድትከራይ፣ ሥራ እንድታገኝ ዋስ መሆን። ብዙዎቹ ወደ ደብዳቢው የሚመለሱት ወደውት ሳይሆን ኪራይ አጥተው ነው።

አንዲት እኅት በራችንን ስታንኳኳ ሁሉንም ሕግ ማወቅ አይጠበቅብንም። ማመን፣ ማሳደር፣ አብሮ መሄድና ዝም ማለት ይበቃል። ቀሪውን የሚያውቁት ቤቶች ከላይ ተጠቅሰዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) የተበደሉትን ይርዳ፣ ቤቶቻችንን የሰላምና የእዝነት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።